አቋራጮቼ የት ገቡ? ከአፕዴት በኋላ ስለሚጠፉ የጽሑፍ ማሳጠሪያዎች

ጠዋት ኮምፒውተሩን ትከፍታላችሁ። የምትጽፉበት ፕሮግራም ማታ ወደ አዲሱ ቨርዥን ተቀይሯል። መልኩ ትንሽ ለየት ብሏል፤ ግድ የለም፣ ይለመዳል። ደብዳቤ ትጀምራላችሁ። መጨረሻው ላይ ስትደርሱ ጣታችሁ እንደ ልማዱ «ከሰ» ብሎ ጽፎ ኤፍ3ን ይጫናል። ድሮ ቢሆን «ከሰላምታ ጋር» የሚለው፣ ከሥሩ ስማችሁ፣ የሥራ ድርሻችሁ፣ ስልካችሁ፣ ሁሉም በአንዴ ዱብ ይል ነበር። አሁን ግን «ከሰ» እንደተገተረ ቀረ። ደግማችሁ ትጫናላችሁ። ወይ ፍንክች።

ላልደረሰበት ሰው ይህ ተራ ነገር ነው። «ታዲያ ጻፈዋ!» ብሎ ያልፋል። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ተርጓሚው፣ የሕግ ጸሐፊዋ፣ የሕክምና ሪፖርት የሚተይበው ሰው አቋራጮቻቸውን ያጠራቀሙት ለዓመታት አንድ በአንድ ነው። አንዱ አቋራጭ ረጅም የመሥሪያ ቤት ስም ነው። ሌላው አጻጻፉ የሚያስቸግር የመድኃኒት ስም ነው። ሌላው አንዲት ቃል እንኳ ልትዛነፍበት የማይገባ የውል አንቀጽ ነው። እጁን ለሚያመው ሰው ደግሞ እያንዳንዱ አቋራጭ ጣቱን ከብዙ ድካም ያሳርፈዋል። ስለዚህ ሲጠፉ የሚመጣው ድንጋጤ የምር ነው። እኔም ደርሶብኛል። ግማሽ ቀን ያህል «የጠፋውን» እንደገና ስጽፍ ቆይቼ፣ በመጨረሻ አንድም እንዳልጠፋ ሳውቅ ከደስታዬ ንዴቴ በለጠ።

ልነግራችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው። አቋራጮቹ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፉም። ወይ መጥሪያቸው ተቀይሯል፣ ወይ አዲሱ ፕሮግራም የሚፈልጋቸው ሌላ ቦታ ሆኗል። የትኛው እንደሆነ ሳትለዩ ከዜሮ መጀመር የለባችሁም።

ሁለት ዓይነት ናቸው

ብዙ ሰው የሚሠራበትን ማይክሮሶፍት ወርድን ይዘን እንነሳ። ወርድ ውስጥ ሁለት የማሳጠሪያ መንገዶች አሉ። ሰው ብዙ ጊዜ ይቀላቅላቸዋል።

አንደኛው ኦቶቴክስት ነው። ለአንድ ጽሑፍ ስም ትሰጡትና ታስቀምጡታላችሁ። ስሙን ጽፋችሁ ኤፍ3 ስትጫኑ ይመጣል። ካልጠራችሁት አይመጣም። ሁለተኛው ኦቶኮሬክት ነው። ይሄኛው ጥሪ አይጠብቅም። ቃሉን ጽፋችሁ ስፔስ ስትመቱ ወይም ነጥብ ስታስቀምጡ በራሱ ይቀይረዋል። የተሠራው የፊደል ግድፈት ለማረም ነው። ሰዉ ግን ቶሎ ነቃ። የተሳሳተን ቃል በትክክለኛው መተካት ከቻለ፣ አጭሩን በረጅሙ መተካት ምን ያቅተዋል?

በነገራችን ላይ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። ኦቶቴክስት በቀድሞዎቹ የወርድ ቨርዥኖች «ግሎሰሪ» ይባል ነበር። ያኔም የሚጠራው በኤፍ3 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዲን ሃቻሞቪች የተባለ የማይክሮሶፍት ባለሙያ፣ በዚሁ ግሎሰሪ የተለመዱ የፊደል ግድፈቶችን ማረም እንደሚቻል አየ። ከዚያ ወዲያ ያለው እርምጃ አጭር ነበር፤ ሰው በየቃሉ መጨረሻ ስፔስ መምታቱ ካልቀረ፣ መጥሪያው ስፔስ ራሱ ይሁን። ኦቶኮሬክት የተወለደው እንዲህ ነው።

ሁለቱን መለየት የሚጠቅመው የሚቀመጡበት ቦታ ስለሚለያይ ነው። ኦቶቴክስት በብዛት የሚቀመጠው «ኖርማል» በሚባለው ፋይል ውስጥ ነው። ኖርማል ባዶ ገጽ በከፈታችሁ ቁጥር ወርድ የሚነሳበት ቴምፕሌት ነው። ኦቶኮሬክት ደግሞ ሁለት ቤት አለው። ተራ ጽሑፍ ከሆነ ከወርድ ውጭ ባለ በራሱ ትንሽ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ኤክሴልና ፓወርፖይንትም ይጋሩታል። ደማቅ ፊደል፣ ቀለም ወይም ሥዕል ይዞ እንዲቀመጥ ከተደረገ ግን እሱም ወደ ኖርማል ይሄዳል። ወርድ ውስጥ ብቻ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ተራው ጽሑፍ ከ255 ፊደል ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ረጅም አንቀጾቻችሁ ያሉት ኖርማል ውስጥ ነው ማለት ነው።

ምልክቱን ከዚህ አንብቡ። አጫጭሮቹ ይሠራሉ፣ ረጃጅሞቹና ያጌጡት ግን እምቢ ብለዋል? ችግሩ ኖርማል ነው። ኤፍ3 ይሠራል፣ ስፔስ ግን ምንም አይቀይርም? ኖርማልን ተዉት፣ የኦቶኮሬክቱን ፋይል ተከታተሉ። ይህቺ አንዲት ጥያቄ ብዙ ሰዓት ታተርፋለች።

ፋይል ከመፈለጋችሁ በፊት

መጀመሪያ ኪቦርዱን እዩት። አፕግሬዱ ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር ከመጣ፣ ኤፍ3 የድምፅ ወይም የስክሪን ብርሃን ቁልፍ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ጥግ ላይ ያለውን ኤፍኤን የሚል ቁልፍ ይዛችሁ ኤፍ3ን ሞክሩ። ሠራ? እንግዲያው ምንም አልጠፋባችሁም።

ቀጥሎ የአንዱን አቋራጭ ስም ሙሉውን ጻፉና ኤፍ3 በሉ። ይህን የምለው ብዙ ሰው ስሙን ጨርሶ ጽፎ ስለማያውቅ ነው። ወርድ 2003 ላይ የስሙን የመጀመሪያ አራት ፊደላት ስትጽፉ ከላይ ትንሽ ቢጫ ሳጥን ብቅ ትላለች። «ይሄን ነው የፈለጋችሁት?» እንደማለት ነው። ኢንተር ስትመቱ ጽሑፉ ይገባል። ሰው ዓይኑን ሳጥኗ ላይ፣ ጣቱን ኢንተር ላይ አድርጎ ዓመታት ሠራ። ኤፍ3 መኖሩንም የረሳ ነበር።

ከዚያ ወርድ 2007 መጣ። ኦቶቴክስት «ቢልዲንግ ብሎክስ» በሚባል ሰፊ ጣሪያ ሥር ገባ። ያቺ ቢጫ ሳጥንም ለራሳችሁ ጽሑፎች ብቅ ማለቷን ተወች። ሜኑው ደግሞ ሪበን በሚባለው ከላይ ባለው የቁልፎች ረድፍ ስለተተካ ኦቶቴክስት የሚለው ስም በቀድሞው ቦታው የለም። ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ዓመታት ያጠራቀመው ሀብት አንድ ጠዋት ድምፁን አጥፍቶ ነበር። ኤፍ3 ግን ያን ጊዜ ሁሉ ይሠራ ነበር! ጽሑፎቹ ነበሩ፤ የሄደችው የምትጠቁመዋ ሳጥን ብቻ ነበረች። ወርድ 2010 ላይ ሳጥኗ ተመለሰች።

ከ2010 ወዲህ ባለው ወርድ ላይ ሆናችሁ ሳጥኗ የማትታይ ከሆነ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ግቡ። «ሾው ኦቶኮምፕሊት ሰጀሽንስ» የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን አረጋግጡ። ሌላም ነገር አለ። ጽሑፉ የተቀመጠበት ጋለሪ፣ ማለትም ወርድ ጽሑፎቹን የሚመድብበት ክፍል፣ ኦቶቴክስት መሆን አለበት። አዲሱ ወርድ ስታስቀምጡ ኩዊክ ፓርትስ ወደሚል ጋለሪ ሊወስደው ይችላል። እዚያ ከገባ በኤፍ3 ይመጣል እንጂ ሳጥኗ አትጠቁመውም። በኦልት እና ኤፍ3 አዲስ አቋራጭ ስታስቀምጡ የጋለሪውን መስመር አንብቡት።

በአማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። ፊደላችን አንዱ ብቻውን ሙሉ ድምፅ ይይዛል። ስለዚህ አቋራጮቻችን በባሕርያቸው አጫጭር ናቸው፤ «ከሰ» ሁለት ፊደል ነው። ሳጥኗ የምትጠብቀው አራት ፊደል ነው። ለእንዲህ ያለ ስም ምንም ብታስተካክሉ አትመጣም። እኔ ይህን ሳውቅ ሳጥኗን መጠበቅ ተውኩና ጣቴን ኤፍ3 አስለመድኩት። አሁን ይሻለኛል።

የምር ከሌሉ

ኢንሰርት፣ ከዚያ ኩዊክ ፓርትስ፣ ከዚያ «ቢልዲንግ ብሎክስ ኦርጋናይዘር» ክፈቱ። ያሉት ሁሉ በስም ተዘርዝረዋል። እያንዳንዱ በየትኛው ጋለሪና በየትኛው ፋይል እንዳለም ይናገራል። የናንተዎቹ እዚህ ከሌሉ፣ አዲሱ ወርድ የሚያነበው የድሮውን ፋይል አይደለም ማለት ነው።

የድሮው ፋይል የት ነው? የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ጫኑ። በሚመጣው ሳጥን ውስጥ አፕዳታ የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ ከፊትና ከኋላው የፐርሰንት ምልክት አድርጋችሁ ጻፉ። የሚከፈተው ፎልደር የናንተ የግል ቅንብሮች ያሉበት ነው። ማይክሮሶፍት ውስጥ «ቴምፕሌትስ» የሚል አለ። ኖርማል የሚኖረው እዚያ ነው። እዚያው ማይክሮሶፍት ውስጥ «ዶክዩመንት ቢልዲንግ ብሎክስ» የሚል ሌላ ፎልደር አለ። ከሥሩ የቋንቋ ቁጥር፣ ከዚያ ሥር የቨርዥን ቁጥር ታገኛላችሁ። 14 ማለት ኦፊስ 2010 ነው፣ 15 ማለት 2013 ነው፣ 16 ደግሞ ከ2016 ወዲህ ያለው ነው። (13 ተዘሏል፤ አትፈልጉት።) አዲሱ ወርድ በራሱ ቁጥር ፎልደር ውስጥ ብቻ የሚመለከት ከሆነ፣ ጎረቤቱ 14 ውስጥ ያለው የናንተ ሀብት እንዳለ ተቀምጦ ሳለ «የለም» ይላችኋል።

ካገኛችሁት ቀጥሎ ያለውን ተረጋግታችሁ ሥሩ። ወርድን ዝጉ። አውትሉክ ክፍት ከሆነ እሱንም ዝጉት፣ ኢሜይል ሲጽፍ ወርድን ይጠቀማልና። የድሮውን ፋይል ኮፒ አድርጉ። ኮፒውን ሌላ ስም ስጡት፤ ለምሳሌ «የድሮ አቋራጮች»። ከስሙ በኋላ ያለውን የፋይል ዓይነት ግን አትንኩ። ከዚያ ወርድ ሲነሳ አብሮ ወደሚከፍተው «ስታርትአፕ» ወደሚባል ፎልደር ጣሉት። ፎልደሩ የት እንደሆነ ከጠፋባችሁ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ፣ እስከ ታች ወርዳችሁ «ፋይል ሎኬሽንስ» የሚለውን ብትከፍቱ ያሳያችኋል። ወርድን መልሳችሁ ክፈቱና ኤፍ3ን ሞክሩ።

አዲሱን ኖርማል በድሮው መተካት የሚቀል ይመስላል። አታድርጉት። አሮጌው ኖርማል የድሮ ስታይሎችን፣ የድሮ የገጽ ልክና ማክሮዎችንም (ወርድ በራሱ የሚፈጽማቸውን የትእዛዝ ስብስቦች) ይዞ አዲሱን ይተካዋል። በስታርትአፕ በኩል ስታስገቡት ግን አዲሱ ኖርማል ሳይነካ አቋራጮቹን ትጠቀማላችሁ።

ኮምፒውተሩ ራሱ የተቀየረ ከሆነ ደግሞ ጊዜ የለም። ፋይሎቹ ያሉት አሮጌው ማሽን ላይ ነው። የአይቲ ሰው ከማጥፋቱ በፊት ዛሬውኑ ሄዳችሁ «የአፕዳታ ፎልደሬን ኮፒ አድርግልኝ» በሉት። ሰነዶችን ብቻ የሚያነሳ ባክአፕ ይህን ፎልደር ይዘለዋል።

የቋንቋው ቁጥር

ይሄኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ትንሽ ልቆይበት።

ኦቶኮሬክት ተራ ጽሑፎቹን የሚያስቀምጠው በየቋንቋው ለይቶ ነው። ፋይሉ ማይክሮሶፍት ውስጥ «ኦፊስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ስሙ ኤምኤስኦ ብሎ ይጀምርና ቁጥር ይከተለዋል። 1033 የአሜሪካ እንግሊዝኛ ነው። 2057 የብሪታኒያ እንግሊዝኛ ነው። የአማርኛ ቁጥር 1118 ነው።

እንግዲህ እንዲህ አስቡት። አንዲት ተርጓሚ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ስትጽፍ ሦስት መቶ አቋራጮች አስቀምጣለች። አዲሱ ወርድ ሲጫን የብሪታኒያውን መደበኛ አደረገው። ሁለቱም እንግሊዝኛ ናቸው፤ ስክሪኑ ላይ ልዩነት አይታይም። ለኦቶኮሬክት ግን ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። አሁን የሚያነበው 2057ን ነው። የሷ ሦስት መቶ አቋራጮች 1033 ውስጥ ተኝተዋል። ስፔስ ትመታለች፣ ምንም። ፕሮግራሙን ነቅላ ትጭናለች፣ ያው። መፍትሔው ደግሞ ስክሪኑ ግርጌ ላይ ነው፤ የቋንቋው ስም የተጻፈበትን ቦታ ክሊክ አድርጋ ወደ አሜሪካው መመለስ ብቻ።

ይህን የምታረጋግጡበት ቀላል መንገድ አለ። የኦቶኮሬክትን መስኮት ክፈቱና ርዕሱን አንብቡ። የቋንቋው ስም እዚያው ራሱ ላይ ተጽፏል። ሰው ዓይኑ ወደ ዝርዝሩ ስለሚሮጥ ርዕሱን አያይም። ሁለት ቋንቋ እየቀላቀልን ለምንጽፍ ነገሩ ይብሳል፤ ጠቋሚው ያለበት ቃል በየትኛው ቋንቋ እንደተመዘገበ መዝገቡ አብሮ ይቀያየራል። በአንዱ ቋንቋ ያስቀመጣችሁት በሌላው የማይመጣው ለዚህ ነው። በሁለቱም እንዲሠራ የምትፈልጉትን «ፎርማትድ ቴክስት» የሚለውን መርጣችሁ አስቀምጡት። ያኔ ኖርማል ውስጥ ይገባል፤ ኖርማል ደግሞ ቋንቋ አይለይም።

ከአሮጌው ኮምፒውተር እነዚህን ፋይሎች ማምጣትም ይቻላል። የኦፊስ ፕሮግራሞች በሙሉ ተዘግተው መሆን አለበት። አዲሱ ላይ ያለውን መጀመሪያ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ የምታመጡት በላዩ ላይ ነውና።

ፕሮግራሙ ራሱ ሌላ ከሆነ

መሥሪያ ቤቱ ወርድን ትቶ ወደ ሌላ ከሄደ የድሮው ፋይል አይነበብላችሁም። ግን ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። ሊብረኦፊስ የራሱ ኦቶቴክስት አለው። ኮንትሮልና ኤፍ3 መስኮቱን ይከፍታል። አጭሩን ስም ጽፎ ኤፍ3 መጫን እዚህም ያው ነው፤ ጣታችሁ አዲስ ነገር አይማርም። ጉግል ዶክስ ላይ ቱልስ፣ ፕሪፈረንስስ ውስጥ «ሰብስቲትዩሽንስ» የሚል አለ፤ እንደ ኦቶኮሬክት በስፔስ ይቀይራል። ለአጭር ነገር ይበቃል። ረጅም አንቀጽ ለማስገባት አይመችም። በብሮውዘር የሚከፈተው ወርድ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውን ኖርማል አያነብም፤ ከሱ አትጠብቁ።

የኔ ምክር ግን አቋራጮቹን ከመጻፊያው ፕሮግራም ማውጣት ነው። ለዚሁ ብቻ የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ። ኢስፓንሶ ነጻ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል፣ አቋራጮቹን የሚያስቀምጠው በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም በሚነበብ ተራ ፋይል ነው። ኦቶሆትኪ ለዊንዶውስ ብቻ ነው፤ እሱም ነጻ ነው። ማክ ደግሞ በራሱ ቅንብሮች ኪቦርድ ውስጥ «ቴክስት ሪፕሌስመንትስ» አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በኢሜይልም፣ በብሮውዘርም፣ በየትኛውም መጻፊያ ማለት ይቻላል ይሠራሉ፤ የማኩ ግን በሁሉም ፕሮግራም ላይ አይሠራም። ወርድ ቢቀየር አይነካቸውም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የምትጽፉትን ሁሉ ይከታተላል፤ ካልተከታተለ አቋራጩን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ከታወቀ ቦታ ብቻ አውርዱ፣ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ አስፈቅዱ። ፓስዎርድ ደግሞ በምንም ዓይነት አቋራጭ አታድርጉ።

እስኪመለሱ ድረስ

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን መልሶ ለመጻፍ አትነሱ። አንድ ባዶ ዶክዩመንት ክፈቱና ከጎን ይቀመጥ። ቀድሞ አቋራጭ የነበረው ነገር ባስፈለጋችሁ ቁጥር አንዴ ሙሉውን ጻፉት፣ ኮፒ አድርጋችሁ እዚያ ላይ ጣሉት፣ ወዲያው ስም ስጡት። የቆዩ ደብዳቤዎቻችሁም ይረዷችኋል፤ አቋራጩ ጠፋ እንጂ ያስገባው ጽሑፍ በየሰነዱ ውስጥ አለ። እኔ እንዲህ ሳደርግ በየቀኑ የምጠቀምባቸው ከምገምተው በጣም ያነሱ ሆነው አገኘኋቸው። ብዙዎቹ ያለቀላቸው ሥራዎች ቅሪት ነበሩ።

ስም ስትሰጡም አስቡበት። በኤፍ3 የሚጠራ ከሆነ ማንኛውም ስም ይሆናል። በስፔስ የሚቀየር ከሆነ ግን እውነተኛ ቃል እንዳይሆን። «ስለ» የሚለውን የአንድ ረጅም ስም አቋራጭ ያደረገ ሰው፣ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ የመሥሪያ ቤት ስም ሲዘረገፍበት ይውላል። ፊደሉን ደገም ማድረግ፣ «ስስለ» እንደማለት፣ ይበቃል።

አሁን አቋራጮቻችሁ በሰላም ላሉላችሁ ደግሞ አንድ ሥራ አለ፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅ። ወርድ ላይ ፋይል፣ ፕሪንት ግቡ። ብዙውን ጊዜ «ፕሪንት ኦል ፔጅስ» የሚለው ያለበትን ሳጥን ዘርጉና ወደ ታች ውረዱ። «ኦቶቴክስት ኤንትሪስ» የሚል አለ። እሱን መርጣችሁ ወደ ፒዲኤፍ ፕሪንት አድርጉት። ስሙና ሙሉ ጽሑፉ ተዘርዝሮ ይወጣል። ከሱ ጋር የኖርማልን ፋይልና እነዚያን በኤምኤስኦ የሚጀምሩ ፋይሎች ኮፒ አድርጋችሁ ከኮምፒውተሩ ውጭ አስቀምጡ። ፎልደሩን ስትሰይሙ ቀኑን ጻፉበት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሦስት ኮፒ ሲገኝ የቅርቡ የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው።